የዲከረንስን ጥናት ከየት ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዘንድ ስለተስፋፋው የዲከረንስ ተክልና ስለ ከሰል ንግዱ እንድጽፍ አሳይመንት ተሰጥቶኛል፤ መምህራችንም ቢያንስ ስምንት ምሁራዊ ምንጮች ያልተጠቀሱበትን ጽሑፍ እንደማይቀበሉ ነግረውናል። በስልኬ በአማርኛ ስፈልግ የማገኘው የፌስቡክ ጽሑፍና የዜና ዘገባ ነው። በእንግሊዝኛ ያገኘኋቸው ሁለት ጽሑፎች ደግሞ ለማንበብ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በርዕሰ ጉዳይዎ ላይ የተጻፈው ጥናት ጥቂት አይደለም፤ ያስቸገረዎት የተመዘገበበት ስም ነው። አገሬው ዲከረንስ የሚለው ዛፍ በጥናት መጽሔቶች የሚገኘው አካሲያ ዲከረንስ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ነው፤ የዛፉ መነሻ አውስትራሊያ ስለሆነም ስሙን ብቻውን ከጻፉት የዚያ አገር ጥናቶች ይጎርፉብዎታል። ስለዚህ የዛፉን ስም ከወረዳው ወይም ከአዊ ዞን ስም ጋር አጣምረው በላቲን ፊደል ይፈልጉ።

የቦታዎቻችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ወጥነት የለውም። ጎጃምን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ጄ፣ ሌላው በሁለት ጄ ይጽፈዋል፤ ደብረ ማርቆስ በኬም በኪውም ይገኛል፤ ፋግታንም አንዳንዶች «ፋጊታ» እያሉ ይጽፉታል። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ጎጃምን በአንድ ጄ ብቻ እየጻፍኩ ሳምንታት ከፈጀሁ በኋላ፣ ስለ ቦታው የተጻፈ የለም ብዬ ለአማካሪዬ በድፍረት ተናግሬ አፍሬአለሁ። ሁሉንም አጻጻፍ በየተራ ይሞክሩ።

መፈለጊያውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ጉግል ስኮላር የመጀመሪያ በርዎ ይሁን። የኢትዮጵያና የሌሎች የአፍሪካ አገሮች መጽሔቶች በብዛት የተሰበሰቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም አለ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ይገኛሉ፤ እንደ እርስዎ ላለ የወረዳ ርዕስ ከሁሉ የሚበልጥ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው፤ መምህርዎ እንደ ምንጭ ይቀበሏቸው እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

ገንዘብ የጠየቀዎትን ጽሑፍ ለመክፈል አይቸኩሉ። ጉግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ሌሎች ቅጂዎቹን የሚያሳይ መስመር ስላለ፣ ጸሐፊው ራሱ በነጻ ያስቀመጠው ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያስጀመረው አጎራ የሚባል አገልግሎት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ላሉ ተቋማት የግብርና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይከፍታል፤ መግቢያው ግን ለተቋሙ እንጂ ለግለሰብ ስለማይሰጥ ስለ እርሱ የሚጠየቀው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። (ተማሪዎቻችን እነዚህን ባለሙያዎች የወንበር ጠባቂ አድርገው ማየታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ይህም ካልሆነ፣ በጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ በተቀመጠው ኢሜይል ለጸሐፊው በትሕትና ይጻፉለት፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ። ኔትወርክ ሲገኝ ያገኙትን ሁሉ አውርደው ያስቀምጡ።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኙ ሰባቱን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። በአገራችን የቅኔ ተማሪ ከማን እንደተማረና ቤቱ ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ይጠየቃል፤ መልሱም የመምህሩን መምህር እያነሣ ወደ ኋላ ይሄዳል። የጥናት ጽሑፍም እንዲሁ መምህራኑን በመጨረሻው በዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ያስቀምጣል፤ እነርሱን ተከትለው ወደ ቀደሙት ይሂዱ። ጉግል ስኮላር ደግሞ ያንን ጽሑፍ ከታተመ በኋላ የጠቀሱትን ስለሚዘረዝር፣ ተማሪዎቹንም ያሳይዎታል። ነገር ግን በአንዱ ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሶ ያዩትን የሌላ ሰው ሐሳብ ዋናውን እንዳነበቡ አድርገው አይጥቀሱ፤ ወይ ዋናውን ፈልገው ያንብቡ፣ ወይም ከማን ላይ እንዳገኙት ይግለጹ።

ሲያነቡም ከአጠቃሎው ቀጥለው ወደ ጥናቱ ዘዴ ይለፉ። ዲከረንስ የገበሬውን ገቢ አሳደገ የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ፣ ስንት ቀበሌና ስንት አባወራ እንደተጠየቀ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጠየቀና የከሰሉ ዋጋ ያኔ ምን ያህል እንደነበር ይመልከቱ። በሁለት ቀበሌ የተገኘን ውጤት የጎጃም ሁሉ አድርጎ መጻፍ በተማሪዎች ጽሑፍ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ነው። የአፈሩን ጉዳይ ከነኩ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ዛፉ እንደ ባቄላና አተር የአባዝርት ወገን ስለሆነ ናይትሮጅን ለአፈር ይጨምራል፤ ይህ ማለት ግን በአካባቢው የታወቀውን የአፈር አሲዳማነት ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ተለያይተው የሚጠኑ ነገሮች ናቸው።

የዜና ዘገባውንም አይጣሉት፤ ለመግቢያዎ ይሆናል፤ ከስምንቱ ግን አይቆጠርም። በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትማለን እያለ ከጸሐፊው ገንዘብ የሚሰበስብ መጽሔትንም አይመኑ፤ ጽሑፍን በአቻ ምሁራን ማስገምገም አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ስም የሚቀድመው የራሳቸው ነው ወይስ የአባታቸው? የመጽሐፉ ዓመትስ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፋል? (ከቢቸና)

መልስ፦ በእኛ አገር የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ፣ አበበ ከበደ የሚባል ሰው ከጻፈ ዝርዝሩ ውስጥ በ«አ» ይግባ። የውጭ መጽሔቶች ግን «ከበደ» ብለው ስለሚመዘግቡት፣ ሲፈልጉ በሁለቱም ይሞክሩ። የትምህርት ክፍልዎ የራሱ መመሪያ ካለው እርሱን ይከተሉ።

ዓመቱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው አስቀምጠው «ዓ.ም.» ይበሉበት። ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ ግድ ከሆነ ወሩ ይወስነዋል፤ ለምሳሌ 1958 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 1965 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያለው 1966 ነው። ወሩ ካልታወቀ 1965/66 ብለው ይጻፉ።