ቡና ላይ የስታዲየም ወሬ ማንሳት ነውር ነው?

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ። በቀደም ጎረቤት ቡና ተጠርተን ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ መጫወቱ ያሳፍራል አልኩ። አንድ ጋሼ «ቡና ላይ ፖለቲካ አታምጣብን!» ብለው ተቆጡኝ። አጠፋሁ እንዴ?

መልስ፦ አብሽር፣ አላጠፋህም። በጋሼም አይፈረድም፤ ዘመኑ ሰውን ወሬ አስፈርቶታል። ግን ስታዲየም እኮ በጀት ነው፣ በጀት ደግሞ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እስቲ አስበው። በ1954 አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ሰዎች ነን። ሰኔ 2014 ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ ግን ባለሜዳ ተብለን የተጫወትነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳዎቻችሁ መስፈርት አያሟሉም ብሎን። ያን ቀን ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ሆኜ ነው ያየሁት። ዳዋ ሆቴሳ ጎል ሲያገባ ቤቱ ተናወጠ። ከዚያ አጠገቤ የነበረ ልጅ «ሊሎንግዌ የት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? መስፈርቱ እንደሆነ ሰማይ አይደለም፤ መብራት፣ መልበሻ ክፍል፣ ወንበር፣ የመሳሰለው ነው።

ለጋሼ በሚቀጥለው ቡና ቆሎውን ቀድመህ አቅርብላቸው። ከዚያ ልጅ ሆነው ኳስ የት ይጫወቱ እንደነበር፣ ሜዳው ላይ ዛሬ ምን እንደተሠራበት ጠይቃቸው። ወላሂ፣ በረካ ሳይደርስ ፖለቲካውን ራሳቸው ያመጡታል።