ሠራተኛዬ ጀርመን፣ እኔ ጎንደር፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የአስጎብኚ ቢሮ አለኝ። እንግዳ ተቀብለን ወደ ስሜን ተራሮች እንወስዳለን፣ ከተማውንም እናስጎበኛለን። ቢሮው ውስጥ አራት ነን። አምስተኛዋ ሠራተኛችን ያለችው ጀርመን ነው። የእንግዶችን ኢሜይል የምትመልሰውና ጉዞ የምትሸጠው እሷ ናት። አብረን ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። «ውጭ አገር ያለ ሰው እንዴት ታሠራለህ?» የሚሉኝ ነጋዴዎች ስለበዙ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝ እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ለዲያስፖራ እሸጣለሁ። ትዕዛዝ የምትቀበልልኝ አንዲት ልጅ ዋሽንግተን ልቀጥር ነው። ከምን ልጀምር?

እቴ፣ ከወረቀት ጀምሪ። እዚህ ሱቅሽ ውስጥ ያለችው ልጅ ፊትሽን አይታ ብዙ ነገር ትረዳለች። ደንበኛ ሲቆጣ ዞር ብላ ታይሻለች፤ አንቺም በዓይንሽ ትነግሪያታለሽ። ዋሽንግተን ያለችው ግን ፊትሽን አታይም። ስለዚህ በዓይንሽ የምትነግሪያትን ሁሉ ጻፊላት። ትዕዛዝ ሲመጣ በስንት ሰዓት ውስጥ ትመልስ? ሽሮው ተቀዶ ደረሰ የሚል ሰው ሲመጣ ምን ትበለው? ዋጋ መቀነስ ትችላለች? እስከ ስንት? ሁለት ገጽ ይበቃል። እኔ ይህን ሳላደርግ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያው ዓመት በጭቅጭቅ አለቀ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ያልነገርኳትን ነበር የምጠብቅባት።

ጥያቄ፦ በሰዓት ጉዳይ ሁልጊዜ እንሳሳታለን። እናንተስ?

እኛማ በመጀመሪያው ቀን ነው የተሳሳትነው! «ማክሰኞ በ3 ሰዓት እንነጋገር» ብዬ ጻፍኩላት። በኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት ማለቴ ነበር። ማክሰኞ ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቡና መጣ፣ ቀዘቀዘ። እሷ የለችም። በቃ ይቺ ልጅ ቀጠሮ አታከብርም አልኩ። ማታ 11 ሰዓት ላይ በሩን ልቆልፍ ስል ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ዝግጁ ነኝ» አለች። ከፈረንጅ ጋር ስለምሠራ የጻፍኩት በፈረንጅ ሰዓት መስሏት፣ ጀርመን ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ነበር የደወለችው። በጀርመን ክረምት ስለነበር በመካከላችን የ2 ሰዓት ልዩነት ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስቀየማት ዋልኩ፣ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትዘጋጅ ውላለች።

ከዚያ በኋላ ሰዓት ስንጽፍ ሁለቱንም እንጽፋለን፦ «ጎንደር ጠዋት 3፡00፣ ጀርመን 07፡00»። የኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፤ የእነሱ ግን ይለወጣል። ጀርመን በመጋቢትና በጥቅምት (በፈረንጆቹ) የመጨረሻ እሑድ ይቀየራል። በበጋቸው ከእኛ የሚርቁት በ1 ሰዓት ብቻ ነው። አሜሪካ የሚቀይርበት ቀን ደግሞ ሌላ ነው፤ ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደኋላ ነው። ሰዓቱ በሚቀየርባቸው ሳምንታት ቀጠሮ ካላችሁ ከቀኑ በፊት እንደገና አረጋግጡ።

የቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። ለኛ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አለቀ። ውጭ ያለችው ልጅ የምትሸጠው ግን በጃንዋሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ይሆናል። የ2020 ዓ.ም. ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንግዳውን 20 ጠዋት አውሮፕላን ላይ ያስቀምጠዋል። ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ሆኖ ሊያየው የመጣውን ነገር ሳያይ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ የበዓላትና የአጽዋማት ዝርዝር በሁለቱም አቆጣጠር አዘጋጅቼ እልክላታለሁ።

ጥያቄ፦ ደሞዝ በምን እንክፈል? ልጅቷ «እዚያ ለእናቴ በብር ስጡልኝ» ብላኛለች።

ይህን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ቀላልም ይመስላል። እኔ አልመክርም። ልጅቷ በምትኖርበት አገር ገቢዋ ገቢ ነው። ብሩ ጎንደር እናቷ እጅ ቢገባም ማሳወቅ አለባት። ካላሳወቀች የምትጠየቀው እሷ ናት። የአንተም መዝገብ ላይ ወጪው ማስረጃ አይኖረውም። በጎን ምንዛሪ መክፈል ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ውል ያዝ፣ በየወሩ የክፍያ መጠየቂያ ትላክልህ፣ ያንን ይዘህ ባንክህ ሂድ። ግብር ተቀንሶ መቅረት ይኖርበት እንደሆነ የሂሳብ ባለሙያህን አስቀድመህ ጠይቅ።

ምንዛሪውን ስታስብ ደግሞ ልብህን ሰፋ አድርግ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በውጭ ምንዛሪ ደሞዝ ቃል የገባን ሰዎች ያን ጊዜ ምን እንደሆንን አስቡት። እኛን ያዳነን ገቢያችንም በዩሮ መሆኑ ነው። ሽያጭህ በብር ብቻ ከሆነ ውጭ አገር ቋሚ ደሞዝ ለመግባት አትቸኩል፤ በሰዓት ወይም በሽያጭ ልክ ጀምር።

ጥያቄ፦ «ተቀጣሪ» ነው ወይስ «ኮንትራክተር» (ራሱን ችሎ በውል የሚሠራ) የሚባለው?

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን አይወስነውም። ጀርመንም አሜሪካም የሚያዩት አሠራሩን ነው። ሰዓቷን የምትወስነው አንተ ከሆንክ፣ ከአንተ በቀር ሌላ ደንበኛ ከሌላት፣ እንዴት እንደምትሠራ የምታዘው አንተ ከሆንክ፣ «ኮንትራክተር» ብለህ ብትጽፍም ተቀጣሪ ናት ሊሉ ይችላሉ። ያኔ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይመጣል። እሷ ባለችበት አገር ያለ የሂሳብ ባለሙያ አንድ ጊዜ ከፍላችሁ አማክሩ።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ድረ ገጽ የሚሠራልን ልጅ ቀጥረናል። የዓመት ፈቃዱ በኛ ሕግ ነው?

የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይላል። የኬንያ ሕግ ለተቀጣሪ 21 የሥራ ቀን ነው። የእሱን አገር ሕግ ያዙ። ሰዓታችሁ አንድ ነውና በዚህ ታድላችኋል።

ጥያቄ፦ የቀጠርኩት የእህቴን ልጅ ነው፣ አሜሪካ። ደንበኛ ሳይመልስ ሦስት ቀን ይተኛል። ብቆጣው እህቴ ትቀየመኛለች። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። እኔም አይቼዋለሁ። ዘመድ መቅጠር ክፉ አይደለም። ያምንሃል፣ ታምነዋለህ። የሚያበላሸው ሁለቱን ነገር በአንድ ስልክ ማውራት ነው። «እንዴት ነህ፣ እናትህ ደህና ናት፣ አያትህ አሟት ነበር፣ በነገራችን ላይ ያቺን ደንበኛ ለምን አልመለስክላትም?» ስትለው ልጁ የሚሰማው የአጎት ቁጣ ነው። ሥራውን አይሰማውም።

ለየው። እሑድ ደውልና ስለ ቤተሰብ ብቻ አውራ። ስለ ሥራ አንዲት ቃል አታንሳ። ረቡዕ ደውልና ስለ ሥራ ብቻ አውራ፤ ያልተመለሱትን መልእክቶች ፊት ለፊታችሁ ዘርግታችሁ። እህትህን ደግሞ መልእክተኛ አታድርጋት። «ልጅሽ ሰነፈ» ያልክ ዕለት ነገሩ ከሥራ ወጥቶ የቤተሰብ ጠብ ይሆናል። ደግሞም ጠይቀው እንጂ፤ ሦስት ቀን የተኛው ሌሊት ሌላ ሥራ እየሠራ ይሆናል። አሜሪካ ያለ ልጅ ሁለት ሥራ መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ሰዓት የለውም ካለህ ሥራውን ቀንስለት ወይ በሰላም አሰናብተው። በአደባባይ ሳይሆን ለብቻው፣ የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተህ፣ የሠራበትን ሳታስቀር ከፍለህ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩን የሚከታተል ሶፍትዌር ልግጠም?

አይሆንም። እዚህ ቢሮ ያለውን ሰው ከኋላው ቆመህ ስክሪኑን ታያለህ? ሥራውን እይ። እኛ አንድ የጋራ ጎግል ሺት አለን። እያንዳንዱ ጥያቄ መቼ መጣ፣ መቼ ተመለሰ፣ ተሸጠ ወይስ ቀረ። ከዚያ በላይ ማወቅ አያስፈልገኝም። አውሮፓ ያለ ሰው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ክትትል በግል መረጃ ሕጋቸው ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ ሲቋረጥብን ጀርመን ያለችው ሠራተኛችን ብቻዋን ቀረች። እንግዶች ጉዟቸውን ሰርዘው ገንዘብ እንዲመለስላቸው ይጠይቃሉ። እሷ ያለ እኔ ፈቃድ አንድ ዩሮ መመለስ አትችልም፣ እኔ ደግሞ አልገኝም። ስልክ ሲገኝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የአሥር ሰው ጉዳይ እንጨርስ ነበር። የምታለቅስ እንግዳ እንዳጋጠመቻት የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 200 ዩሮ ድረስ ራሷ ትወስናለች። ለአንድ ሳምንት ካልተገኘሁ ማን እንደሚተካኝም ተጽፏል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሁሉም ሰነድ ወረቀት ላይ ታትሞ ቢሮ አለ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛችሁ ጎንደር መጥታ ታውቃለች? የግድ ነው?

የተወለደችው እዚሁ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ስለሄደች ግን ስሜንን አታውቀውም ነበር። ያላየችውን ተራራ ነው ለሁለት ዓመት የሸጠችው። አንድ ጥቅምት ላይ ቲኬቷን ችለን አስመጣናት። ደባርቅ ፓርኩ ቢሮ ወስጄ ስካውት (ከእንግዳ ጋር የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) እንዴት እንደሚመደብ አሳየኋት። ሳንቃበር ላይ ጭላዳዎቹ መሃል ተቀምጣ ለእናቷ ቪዲዮ ደወለች። ጨነቅ ላይ ድንኳን ውስጥ አደርን። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ያላትን ልብስ ሁሉ ደርባ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ጠዋት እሳት ዳር ሻይ ይዛ ተቀምጣ፣ ጣቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ስልኳን አውጥታ ለእንግዶች የምንልከውን መልእክት ከፈተች። «ሞቅ ያለ ልብስ ይያዙ» የሚለውን አጥፍታ «ወፍራም ካልሲ ሁለት ጥንድ፣ ጓንት፣ የጆሮ ኮፍያ፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት» ብላ ጻፈች። ያ መልእክት አሁንም ለእያንዳንዱ እንግዳ ይላካል።