ይህ ዕቃ ለምን ይሆን? ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም ማጣሪያዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ አምድ ስለ ቤት ውስጥ አኳሪየም፣ ማለትም ዓሣ ስለሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ከጻፍኩ ወዲህ ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ጥያቄዎች ደርሰውኛል። አብዛኞቹ ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ የሚጠይቁ ሳይሆኑ በእጃቸው ስለገባ አንድ ዕቃ «ይህ ለምን ይሆን?» የሚሉ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው እንዳይከብድበት ካርቶኑን ይጥላል፣ መመሪያውም ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይቀራል፣ ዕቃው ብቻውን ጎጃም ይገባል።

እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥመኝ ስሙን ከመፈለጌ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ፣ በውስጡ ምን እንደሚያገኘውና በየት እንደሚወጣ እከተላለሁ። አብዛኛው የአኳሪየም ማጣሪያ ከአራት ሥራዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ይሠራልና፦ ቆሻሻን እንደ ጠላ ማጥለያ ይይዛል፣ ለዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ያኖራል፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ይመጥጣል፣ ወይም ውሃውን ከአየር ጋር ያገናኛል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ወንድሜ ከካናዳ ሲመጣ ለአኳሪየሜ ብሎ አንድ ዕቃ ሰጥቶኝ ተመለሰ። ቁመቱ ሁለት ስንዝር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ሲሊንደር ነው። ከክዳኑ መሐል አንድ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች ይወርዳል፤ በክዳኑ ላይ ጎማ የሚሰካባቸው ሁለት አፎች አሉ፤ ከሥሩ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነጣ ያለ አሸዋ ተኝቷል፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የለውም። ባለቤቴ የቡና ማፍያ ነው አለች። ጎረቤታችን ደግሞ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ነው ብለው ጠጥተው ሊሞክሩት ነው። ወንድሜን በስልክ ብጠይቀው «ሻጩ ጥሩ ነው ብሎኛል» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም።

መልስ፦ በቅድሚያ ጎረቤትዎን ይከልክሉልኝ።

ገመድ የሌለው መሆኑ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው፤ ውሃውን የሚገፋለት ሌላ ፓምፕ ይፈልጋል ማለት ነው። ዋናው ፍንጭ ግን ቀጭኑ ቱቦ ነው። ዕቃው ቆሻሻ እንዲያጠል ታስቦ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከላይ ገብቶ በአሸዋው መሐል ወደ ታች ይወርድና አሸዋው ተጠቅጥቆ ቆሻሻውን ይይዝ ነበር። የእርስዎ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ውሃው በቱቦው እስከ ሥር ወርዶ ከአሸዋው በታች ይለቀቃል፣ ከዚያም አሸዋውን እያነሳ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሸዋውም ሳይወጣና ሳይተኛ፣ ሊገነፍል እንዳለ ገንፎ እየተንፈቀፈቀ በመሐል ይቆያል። አሸዋን እንዲህ በውሃ ውስጥ የሚያንሳፍፍ መሣሪያ የሚሠራው ባክቴሪያ ለማኖር ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ በሁሉም ጎኗ አዲስ ውሃና ኦክስጅን ታገኛለችና። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ፍሬዎች የሞሉበት አንድ ሊትር አሸዋ የፍሬዎቹ ገጽ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ ሰባት ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ወለል ልክ የሚሰፍር ባክቴሪያ በሁለት ስንዝር ዕቃ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው።

ሌላ ግምትም ነበረኝ። በውስጡ የነበረው ዳጉሳ የሚያካክል ጥቁር ፍሬ ቢሆን ኖሮ ከሰል ነው፣ ዕቃውም የሟሟ ቀለምና ሽታ መምጠጫ ነው እል ነበር፤ የዝገት ቀለም ያለው ቢሆን ደግሞ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የሚመገበውን ፎስፌት የሚይዝ የብረት ውህድ ነው ብዬ እገምት ነበር። ፍሬው ጥቁር ሆኖበት የተጠራጠረ አንባቢ ካለ አንድ ማንኪያ አጥቦ በብርጭቆ ውሃ ላይ ይጨምርና አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም አክሎ ያሳድረው። በማግስቱ ቀለሙ ከሳሳ ወይም ከጠፋ ከሰል ነው፤ አሸዋ ቀለም አይመጥም።

ሲያስገጥሙት ፓምፑን በጣም አቀዝቅዘው ይጀምሩና የአሸዋው ከፍታ ከተኛበት በግማሽ ያህል እስኪጨምር ድረስ ቀስ እያሉ ይልቀቁት። በፓምፑ አፍ ላይ ስፖንጅ ያስሩ፤ ይህ ዕቃ ቆሻሻ አይወድም። የሚያሳስበኝ መብራት ሲጠፋ ነው። አሸዋው ተኝቶ ይጠቀጠቃል፣ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የቀረውን ኦክስጅን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ፣ ውሃው ወደ ኋላ ከተመለሰም አሸዋውን ወደ ፓምፑ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በመግቢያው ጎማ ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ይኑር፤ መብራት ለብዙ ሰዓታት ጠፍቶ ከተመለሰም መውጫውን ጎማ ወደ ባልዲ አዙረው የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉት። ሽታው ራሱ ለምን እንደሆነ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ። ከአዲስ አበባ የገዛሁት ማጣሪያ ከአናቱ ላይ ትንሽ ኩባያ አለው። ሻጩ «ቆሻሻው አረፋ ሆኖ ኩባያው ውስጥ ይጠራቀማል» ብሎኝ ነበር። አራት ወር ሙሉ ሲንፈቀፈቅ ኖሯል፣ ኩባያው ግን አንድም ቀን እርጥብ ሆኖ አላየሁትም። ያሉኝ ጎልድፊሾች ናቸው።

መልስ፦ ዕቃዎ አልተበላሸም፤ አገሩን ስቶ ነው የመጣው። ይህ ለባሕር ውሃ አኳሪየም የተሠራ አረፋ ማውጫ ነው። በጨዋማ ውሃ ውስጥ የአየር አረፋ በጣም ይደቅቃል፣ እርስ በርሱም ቶሎ አይዋሃድም፤ ከዓሣው የሚወጣው ፕሮቲን በአረፋው ገጽ ላይ ተለጥፎ ወደ ኩባያው ይወጣል። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ አረፋው እየተዋሃደ ይተልቅና ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። አራት ወር ቀርቶ አራት ዓመት ቢጠብቁ ያው ነው። ጨው ጨምሬ ላሠራው እንዳይሉ ደግሞ፤ ጎልድፊሽ የባሕር ውሃ አይችልም።

ሆኖም አይጣሉት፤ የውሃውን ገጽ እያንቀሳቀሰ አየር ያስገባል፣ ይህም በእኛ ከፍታ ቀላል ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ሦስት አራተኛ ገደማ። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ያው ሙቀት ያለው ውሃ ባሕር ዳር ላይ ከ6.6፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ6.1 እምብዛም አያልፍም። ደግነቱ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን በደንብ ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ ደብረ ማርቆስ ላይ 7.5 ይደርሳል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ እርስዎን ቢያንዘፈዝፍም ለጎልድፊሾችዎ ተስማሚ ነውና ማሞቂያ አይግዙ። የሚያስፈልግዎ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው። ማጣሪያዬ ስፖንጅ ያለው ነው። በየሳምንቱ በበረኪና አጥቤ በቧንቧ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ውሃዬ ኩልል ያለ ነው፤ ዓሣዎቼ ግን ያልቃሉ። ስፖንጁ ቆሻሻ ለመያዝ ብቻ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፤ ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል መርዛማ የሆነ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈው ምግብና እዳሪውም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም ስለሌለው ውሃው ኩልል ብሎ ዓሣውን ሊገድል ይችላል። በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንደ አሞኒያው ሁሉ መርዝ የሆነውን ናይትራይት ጉዳቱ በጣም ወደሚያንስ ናይትሬት ያዞሩታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር፤ ያገኛቸውም ከአፈር ነው።

እርስዎ በየሳምንቱ የሚያጥቡት እርሾውን ነው። የቡሃቃውን እርሾ እያጠበ የሚጥል ሰው በየጊዜው ሊጡ አልቦካ አለኝ ቢል ማን ያዝንለታል? በረኪና እነዚህን ባክቴሪያዎች ይፈጃል፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ያንኑ በልኩ ያደርጋል። ከእንግዲህ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ ቡናማ ሆኖ ቢቀር አይፈሩ። ይህንም የሚያደርጉት የሚወጣው ውሃ ሲዳከም ብቻ ነው። ከባዶ የሚነሳ ማጣሪያ እስኪበስል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ምግቡን ይቀንሱ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከውሃው ሩቡን ይለውጡ፣ የሚጨምሩትንም ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በሰፊ ገበቴ አንድ ቀን ያሳድሩት። አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካለዎት ያደፈ የስፖንጅ ቁራጭ ይለምኑት፤ እርሾ ከጎረቤት መበደር ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ፣ በጠርዙ መንጠቆ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ነው። እኔ የአበባ ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር፤ ግን ገመድ አለው። የመሰኪያው እግሮች ጠፍጣፋ ናቸው። ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል።

መልስ፦ በአኳሪየሙ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ ስቦ፣ በስፖንጅና በከሰል አሳልፎ እንደ ፏፏቴ መልሶ የሚያፈስስ ማጣሪያ ነው፤ ለጀማሪ ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነውና በቀጥታ እንዳይሰኩት። እኔ የዛሬ ስንት ዓመት አንዱን እንዲሁ ሰክቼው እንደ ጢንዚዛ ጮኸ፣ ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልዎታል፣ ኸርዙን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ምት፣ ግን አይነካውም። የዚህ ፓምፕ ውስጥ ማግኔት የሚሽከረከረው በኤሌክትሪኩ ምት ልክ ስለሆነ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የሚያፈስሰው ውሃ በዚያው ልክ ያንሳል፣ ውሃ ወደ ላይ የማንሳት አቅሙ ደግሞ በሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከመሰካትዎ በፊት ሳጥኑን ውሃ ይሙሉት፣ የአኳሪየሙም ውሃ እስከ ጠርዙ የተጠጋ ይሁን። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ከ120 ይልቅ ወደ 100 ቮልት የተጠጋ ቢሆን ሞተሩ አይግልም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ጥቁር ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ የምታበራ መብራት አለች። ለጌጥ ነው?

መልስ፦ ለጌጥ አይደለም፤ አምፖሏንም ከቱቦው አውጥተው አብርተው አይመልከቷት፣ ዓይን ትጎዳለች። በአጠገቧ የሚያልፈውን አልጌና ተውሳክ የምትገድል የአልትራቫዮሌት መብራት ናት። ውሃው አረንጓዴ ከሆነብዎ ትጠቅማለች፤ አሞኒያን አትነካም። ሰማያዊው ብርሃን እየታየም ኃይሏ በዓመት ገደማ ስለሚደክም አምፖሏ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ፣ ከዳንግላ። የአጎቴ ልጅ የተወልኝ ሳጥን ውስጥ የሚሻክር የፕላስቲክ መረብ አለ፤ ቀይ መብራት ይበራበታል፣ ውሃ በላዩ ይወርዳል። መረቡ ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለበትና በየጊዜው ባጥበው ተመልሶ ይመጣል። ማጣሪያ ከሆነ ለምን ራሱ ይቆሽሻል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራው መቆሸሽ ነው። መረቡ የሻከረው አልጌው ሥር እንዲይዝ፣ መብራቱ ቀይ የሆነው አልጌው ቀይ ብርሃን ተመግቦ በፍጥነት እንዲያድግ ነው። አልጌው ሲያድግ ከውሃው አሞኒያና ናይትሬት ይወስዳል፤ አንተ ፍቀህ ስታወጣው ያንን ሁሉ አብረህ ታወጣለህ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ጎልድፊሽን፣ ቀንድ አውጣንና የውሃ ሣርን በአንድ ዕቃ አብሮ ማኖር እንደሚቻል ጽፎ ነበር፤ ያንተም ሳጥን የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። በየሳምንቱ ግማሹን ብቻ ፋቅ፤ ሙሉውን ካጠብከው ከባዶ ይጀምራል።

በደብዳቤህ መጨረሻ «እምቦጭ ቢሆንስ?» ብለሃል። እምቦጭ ናይትሬት በመውሰድ ከዚህ አልጌ አያንስም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታወቀ ወዲህ እንዲያ የተስፋፋውም ከየማሳው ታጥቦ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ምግብ አግኝቶ ነው። ግን ከጣና አንድ ዘለላ እንኳ ይዘህ አትሂድ፤ ከባልዲህ ወደ ወንዝ ከገባ የሚመልሰው የለም። የምትፍቀውን አልጌ ለጓሮ ጎመን ስጠው።