ወፏ ምን እየበላች ነው?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ውሃ ውስጥ ቆመው የሚመገቡ ወፎችን በባይኖኩላር እከታተላለሁ። የሚበሉት ግን አይታየኝም፤ ማስታወሻዬም «ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች» ከማለት አያልፍም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምግቡ ጭቃና ውሃ ውስጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ራሷንና እግሯን ይመልከቱ። እግሯ ጥቁር፣ ጣቶቿ ቢጫ የሆኑት ትንሿ ነጭ ሳቢሳ በአንድ እግሯ ደለሉን ታንቀጠቅጥና የሸሸውን ትንሽ ዓሣ በዓይኗ አይታ ትይዛለች። ቢጫ ምንቃር ያላት ሽመላ ግን ምንቃሯን ገርበብ አድርጋ ውሃ ውስጥ ትከታለች፤ ዓሣ ሲነካት ወዲያው ትዘጋዋለች። በደፈረሰ ውሃም የምትመገበው ለዚህ ነው። ምንቃሯ ማንኪያ የሚመስለው ወፍ ደግሞ አጫጅ ማጭዱን እንደሚያወዛውዝ ራሷን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትራመዳለች።

አንዷን ወፍ ብቻ መርጠው 5 ደቂቃ ይከታተሉ። ብዙ የምትበላዋን ከመረጡ ቁጥሩ ይዛባል፤ «ከግራ ሦስተኛዋ» ብለው አስቀድመው ይወስኑ። ስንት ጊዜ ሞከረች፣ ስንት ጊዜ ዋጠች፣ ውሃው እግሯን እስከምን ድረስ ሸፈነው፣ የያዘችው ከምንቃሯ ርዝመት አንጻር ምን ያህል ነው? ብዙዎች የሚሳሳቱት ሙከራን ሁሉ እንደ መብላት በመቁጠር ነው። ራሷን ወደ ላይ ወርውራ ጉሮሮዋ ካልተንቀሳቀሰ አልዋጠችም።

ጠዋት ከ12:30 እስከ 3:30 ይሥሩ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን በምሥራቁ ዳርቻ ይቀመጡ። ደርሰው ወዲያው አይቁጠሩ፤ ወፎቹ እስኪረጋጉ 15 ደቂቃ ያህል ዝም ይበሉ። ጉማሬ ስላለ ቄጠማ ውስጥ አይግቡ። ዓሣ ገበያው አጠገብ ያሉት፣ በተለይ አባ ኮዳ (ራሰ በራው ትልቅ ሽመላ)፣ የሚበሉት የዓሣ ሆድቃ ነው፤ ያንን ለብቻው ይመዝግቡ እንጂ ከዱር አመጋገብ ጋር አይቀላቅሉት።

ጥያቄ፦ አብያታ ሐይቅ ላይ ሁለቱ የፍላሚንጎ ዓይነቶች አብረው ሲመገቡ አይሻሙም?

መልስ፦ ብዙም አይሻሙም። ሁለቱም ምንቃራቸውን ገልብጠው፣ በምላሳቸው ውሃ ስበው ያጣራሉ፤ የማጣሪያው ወንፊት ግን ይለያያል። ምንቃሯ ጥቁር ቀይ የሆነው ትንሿ ፍላሚንጎ፣ ወንፊቷ ደቃቅ ስለሆነ፣ ከውሃው ገጽ አካባቢ በዓይን የማይታይ ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ ትለቅማለች። ረጅሟ፣ ምንቃሯ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ጥቁር የሆነው፣ ጭቃውን እየረገጠች ከታች ትናንሽ ተንቀሳቃሽ ነፍሳትን ታወጣለች። በቀን በአንድ እግር ቆማ ካገኟት «አትመገብም» ብለው አይጻፉ፤ ፍላሚንጎ ሌሊትም ይመገባል።

የዳርቻው ጭቃ ከላይ ደረቅ ቢመስልም ሰው ያሰምጣል። ደግሞም መንጋው አንገቱን አንድ ላይ ቀና አድርጎ መራመድ ከጀመረ ቀርበዋል ማለት ነው፤ እንዳይነሣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ።