ካርዱን ወደ በረንዳ አውጡት

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሕትመት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከሥራው ሁሉ የሚያስቸግረኝ ዛሬም ቀለም ነው።

አንዲት እናት ከሐረር መጥተው ለልጃቸው ሰርግ 300 የጥሪ ካርድ አሳተሙ። እንግዳ በዛና 100 ጨመሩ። ፋይሉ ያው፣ ማሽኑ ያው። ሁለተኛውን ሊረከቡ ሲመጡ ከፊተኛውም አንድ ይዘው ነበር። ሁለቱን ካርዶች ይዘው በረንዳ ወጡና ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አደረጓቸው። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰሉት ካርዶች ውጭ ተለያዩ። የፊተኛው ሞቅ ያለ ክሬም ነው፤ የኋለኛው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ወረቀቱ ስላለቀብኝ ሌላ ገዝቼ ነበር። ውፍረቱ እኩል፣ ንጣቱም ለዓይን እኩል። ግን ብዙ ነጭ ወረቀት ውስጥ የማንጫ ኬሚካል ይገባል፤ በአዲሱ ውስጥ ከፊተኛው በዝቶ ነበር። ኬሚካሉ በዓይን የማይታየውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። በሱቃችን የኤልኢዲ መብራት ውስጥ ያ ጨረር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልዩነቱ ቤት ውስጥ ተደበቀ። 100ውን በራሴ ወጪ ደግሜ አተምኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን እኚያን እናት በሐረር መንገድ ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ እንደገና ማመላለሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲቀየር ሥራው አዲስ ነው ብዬ እጀምራለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ በትክክል እንዲወጣ የሚመራው ፋይል፣ የሚሠራው ለአንድ ማሽን፣ ለአንድ ቀለምና ለአንድ ወረቀት ነው። አንዱ ሲቀየር የድሮው ፕሮፋይል አያገለግልም። ባለሙያዎች ቀለም የሚያዩበት መብራት 5000 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪን እዚህ የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው። እሱን ማግኘት ካልቻላችሁ የቀን ብርሃን አላችሁ። ድሬ ደግሞ ፀሐይ አይቸግራትም።

ስክሪን ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት የደረሰበትን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊ በአራቱ የሕትመት ቀለሞች፣ በሳያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ በቢጫና በጥቁር፣ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ይህን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ማሽኑን እንዳበራችሁ ካሊብሬት አታድርጉ፣ ማለትም ቀለሙን ለክታችሁ አታስተካክሉ፤ መጀመሪያ ይሙቅ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንደዚያው። ቶነር፣ የማሽኑ የዱቄት ቀለም፣ በኤሌክትሪክ ሙላት ስለሚሠራ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት ይነካዋል። ጠዋት ያስተካከላችሁት በድሬ የከሰዓት ሙቀት ሊንሸራተት ይችላል። እኔ በየሥራው ጠርዝ ላይ ከሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ የተሠራች ትንሽ ግራጫ ሳጥን አትማለሁ። አንዱ ቀለም ትንሽ ሲበዛ ግራጫዋ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ታዘነብላለች። ከየትኛውም ፎቶ ቀድማ የምታሳብቀው እሷ ናት።

ደንበኛ «ስልኬ ላይ እንዳለው አድርግልኝ» ሲላችሁ «ችግር የለም» ብላችሁ አትቀበሉ። በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ናሙና አውጡለት። ውጭ አውጥታችሁ አሳዩት፤ ከወደደው ይፈርምበት። ናሙናውን ፖስታ ውስጥ ክተቱ። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ የወረቀቱን ዓይነትና ፕሮፋይሉን ጻፉ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት፤ ፀሐይ ላይ ከከረመ ቀለሙ ይለቃል።