ሩቅ አገር የሌላ ሰው ልጅ ለምትጠብቁ

ውድ ልጆቼ፣

በውጭ አገር ባለ ክርስቲያን አዳሪ ትምህርት ቤት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የኮሮና ወረርሽኝ ያገኘኝም እዚያው ነው። ለተመሳሳይ አገልግሎት የምትዘጋጁ ወጣቶች ስታገኙኝ ብዙ ጊዜ «እንዴት አልፈሩም?» ትሉኛላችሁ። መፍራቱንስ ሁላችንም ፈርተናል። እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው ግን እናትና አባቱ አጠገቡ የሌሉ ልጅ ታምሞ ሲያድር፣ ለእነርሱ መልስ የምሰጠው እኔ መሆኔ ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤት አገልግሎት ከሁሉ በፊት አደራ ነው፤ ጸሎቱም፣ ሕክምናውም፣ መቆየቱም ሆነ መሄዱ በዚህ ይመዘን እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው ተዘጋባቸው። ተመላላሽ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እቤቱ ይቀመጣል፤ የአዳሪው ቤት ግን ድንበር ማዶ ነው። ወላጆቹ ሚሲዮናውያን ሆነው አንድ አገር፣ ፓስፖርቱ የሌላ አገር፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በሦስተኛ አገር የሆነበት ልጅ አለ። በረራ ሲቋረጥ ይህ ልጅ ወዴት ይሂድ? አያቶቹ ዘንድ እንዳይላክ፣ በሽታው የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ነው። የተወሰኑት ተሳፈሩ፤ የተወሰኑት ከእኛ ጋር ቀሩ።

ከባልደረቦቼም የሄዱ ነበሩ። አንዳንዱ ያረጁ ወላጆች ነበሩት፣ አንዳንዱ ራሱ የስኳር ወይም የአስም ሕመምተኛ ነበር። «ከድቶን ሄደ» የሚል ንግግር ስሰማ አዝን ነበር፤ እናንተ እንዲህ አትናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1527 ቸነፈር የጀርመን ከተማ ወደሆነችው ቪተንበርግ ሲገባ ዩኒቨርሲቲው ወደ ዬና ከተማ ሲዛወር፣ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር ከነፍሰ ጡር ባለቤቱ ከካታሪና ጋር እዚያው ቆይቶ ቤቱን ለሕሙማን ከፍቷል። ከቸነፈር መሸሽ ይፈቀድ እንደሆነ ለጠየቁት አገልጋዮች የሰጠው መልስ ግን ሁሉም ይቆይ የሚል አልነበረም። ሌላውን የማገልገል ግዴታ ያለበት ሰው ተተኪ ሳያገኝ አይሂድ፤ በቂ ሰው ካለ ግን መሄድ ኃጢአት አይደለም አለ። ለሚቆዩትም መድኃኒት ውሰዱ፣ ካልተፈለጋችሁበት ቦታ አትድረሱ ብሎ መከረ። ይህ ምክር ለእኛም በትክክል ሠርቷል። እኔ የቆየሁት ከሄዱት ስለምበልጥ ሳይሆን የሚተካኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

በክርስቲያን ተቋም ውስጥ የምታገለግሉ ከሆነ አንድ ነገር ያጋጥማችኋል። ጭንብል ማድረግን ወይም መራራቅን እንደ እምነት ማነስ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም፤ እግዚአብሔር ከቸነፈር እንደሚጠብቅ የሚናገረውን መዝሙር 91ንም ይጠቅስላችኋል። እኔም ያንን መዝሙር እወደዋለሁ፣ ከልጆቹ ጋር ማታ ማታ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሰይጣን ሲፈትነው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነበር፤ መልሱም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነው። በልጆች ጤና ላይ ስትከራከሩ ይህን በትሕትና አስታውሱ።

ከሁሉም የከበደን መዝሙር ማቆሙ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በሚባል አካባቢ አንድ የመዘምራን ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ አደረገ። አንድ ሰው የጉንፋን ዓይነት ስሜት ነበረው። ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ በበሽታው እንደተያዙ ተመዘገበ፤ 2ቱ ሞቱ። ይህን ካነበብኩ በኋላ በተዘጋ አዳራሽ መዘመርን መፍቀድ አልቻልኩም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የዓለም ትኩረት ሁሉ እጅ መታጠብና የበር እጀታ መወልወል ላይ ነበር፤ አየሩ የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በደንብ የታወቀው እየቆየ ነው። አምልኮውን ወደ ሜዳ አወጣነው፣ የመኝታ ክፍሎቹን መስኮትም ከፍተን አደርን። ልጆቹ በረዳቸው፤ ብርድ ልብስ ጨመርን።

ነርሶች ለምትሆኑት አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ለይቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ሌሊት አንድ ልጅ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጌለት 96 ይላል። ቁጥሩ ደህና ነው። ልጁ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ አቅቶታል፣ ትንፋሹም ፈጥኗል። ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው። መለኪያው ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ቀለም ሲቀባ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ በጥቁር ሕሙማን ላይ መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። የብዙ አገር ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቦታ ይህን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። ቁጥሩን መዝግቡ፣ ልጁን ግን በዓይናችሁ እዩት። ያንን ልጅ ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ድኖ ተመለሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዚያን ሌሊት አባቱ በስልክ ነበር፤ እርሱ ዘንድ ገና ቀትር ነው። «ደህና ነው» ብዬ ላረጋጋው እችል ነበር። ለሩቅ ወላጅ ግን «ደህና ነው» ማለት ምንም አለመናገር ነው። ትኩሳቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ መቼ እንደተኛ፣ ቀጥሎ ምን እንደምናደርግና እስካሁን ያልገባን ነገር ምን እንደሆነ ነገርኩት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ደውሉ። የምትነግሩት አዲስ ነገር ባይኖርም ደውሉ፤ የተቀጠረው ሰዓት ሲያልፍ ወላጅ የሚያስበው ክፉውን ብቻ ነው።

ለይቶ ማቆያ ከልጆች ጥበቃ ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ይህን ብዙ ሰው አስቀድሞ አያስብም። ደንቡ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን ይላል፤ በሽታው ደግሞ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሰው አሳንሱ ይላል። እኛ መስታወት ያለው በር መርጠን፣ ሁለተኛ አዋቂ ኮሪደር ላይ አስቀምጠን፣ የገባና የወጣበትን ሰዓት እንጽፍ ነበር። አድካሚ ነው። ቢሆንም ወረርሽኝ ነው ተብሎ ይህ ጥበቃ እንዲላላ አትፍቀዱ፤ ልጅ የሚጎዳው በቫይረስ ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ በአገልግሎት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ስለማይነሳ ሰዎች። ግቢውን ዘግተን ከበሽታ እንጠበቅ ስንል ምግብ የሚያበስሉት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ በር የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፦ ከልጆቻቸው ተለይተው ግቢ ውስጥ ማደር ወይም ያለ ደመወዝ እቤት መቀመጥ። እኛ «ተጠበቅን» ያልነው በእነርሱ ዋጋ ነው። ከውጭ የምትሄዱ አገልጋዮች ኢንሹራንስም፣ ተመላሽ ቲኬትም ይኖራችኋል፤ እነርሱ የላቸውም። በስብሰባ ላይ የመናገር ዕድል ስታገኙ እቤት ለሚቀሩት ደመወዝ እንዲቀጥል፣ ክትባት ሲመጣም ከእናንተ እኩል እንዲሰለፉ ተናገሩ። እኔ ይህን ከስብከት አሳንሼ አላየውም።

ሐዘንም አለ። አያቷ ሩቅ አገር ሞተውባት ቀብሩን በስልክ ስክሪን ያየች ተማሪ ነበረችን። በሩ ላይ ወንበር አድርጌ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቅስ አላነበብኩላትም። ስለ አያቷ ስታወራ አመሸች፤ እኔም ሰማሁ። ወጣቶች ሐዘንተኛ ዘንድ ስትገቡ ቶሎ ለማጽናናት ትቸኩላላችሁ፤ ትንሽ ቆዩ።

የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ኦክስጅን ያለው ቅርብ ሆስፒታል የት ነው፣ በስንት ሰዓት ይደረሳል? የጤና ኢንሹራንሱ ወረርሽኝን ይሸፍናል? እናንተ ስትታመሙ ሌሊቱን ማን ይተካችኋል? ድንበር ቢዘጋ መሄጃ ያጣ ልጅ የት ያድራል፣ የወላጅ ፈቃድስ በማን እጅ ነው? የግቢው ሠራተኞች ምን ይሆናሉ? እነዚህን የጠየቀ ሰው እምነት ጎድሎታል የሚላችሁ ተቋም ካለ፣ ሌላ ፈልጉ። የሚመልስላችሁ ካገኛችሁ ደግሞ መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ፣ ለወላጆቻችሁም አሳይታችሁ ሂዱ።