የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ከሲቪሽ አታውጪው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሻል፤ አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ለኢንስትሩመንቴሽን (የመለኪያ መሣሪያዎች) ሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ሙቀት ለክቶ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ሞተር ሲነሳ ግን ንባቡ ይዘላል። "ሶፍትዌር ላይ አቬሬጅ ጨምሬ ቀነስኩት፣ ግን ያሳፍረኛል፤ ከሲቪዬ ላውጣው?" ብለሻል።

በፍጹም! ፋብሪካው በትልልቅ ሞተሮችና የሞተር ፍጥነት በሚቆጣጠሩ ድራይቮች የተሞላ ነው። የሚጠይቁሽ ሰዎች ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ነው የሚውሉት። እኔን ያሳሰበኝ መልስሽ አቬሬጁ ላይ መቆሙ ነው። አቬሬጅ ክፉ አይደለም፤ የ20 ሚሊሰከንድ አማካይ ከወሰድሽ የመስመሩ 50 ኸርዝ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሞተር ሲነሳ የሚመጣውን ድንገተኛ ዝላይ ግን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጠፋውም።

አንድ ቁጥር ያዢ። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ሴንሰር) ለ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። 1 ሚሊቮልት ኖይዝ፣ ማለትም ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ገባ ማለት ንባቡ በ24 ዲግሪ ገደማ ተዛባ ማለት ነው። ይህን ከተናገርሽ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

ቀጥሎ ችግሩን እንዴት እንደምትፈልጊ አስረጂ። ቴርሞካፕሉን ሲግናሉን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ከሚሰጠው ካርድ ንቀይና ሁለቱን የግቤት ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኚ። ካርዱ የራሱን ተርሚናል ሙቀት ማሳየት አለበት። ሞተሩን አስነሺ። ንባቡ ካልተነቃነቀ ኖይዙ የሚገባው በገመዱ በኩል ነው። አሁንም ከዘለለ ፓወር ሰፕላዩን፣ ግራውንዱን ወይም ካርዱን ተጠራጠሪ። ላብራቶሪው አሁንም ክፍት ከሆነልሽ ሄደሽ ሞክሪው፤ የበፊቱንና የኋላውን ግራፍ በአንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ።

ገመዱ ከሆነ መፍትሔው የታወቀ ነው። ሲግናሉን ከፓወር ኬብል አርቂ፤ መሻገር ግድ ከሆነ በ90 ዲግሪ ይሻገር። የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦና ዲፈረንሻል ግቤት ተጠቀሚ፤ ኖይዙ ሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚያርፍ ካርዱ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ይጠፋል። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ትራንስሚተሩን (የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ከረንት የሚቀይረውን መሣሪያ) ሴንሰሩ አጠገብ አድርገሽ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ላኪ። ትንሹ ሲግናል 4 ስለሆነ፣ ሽቦው ቢበጠስ ከረንቱ 0 ይሆንና ወዲያው ይታወቃል።

ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የብረት መከላከያ) ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ወጥመድ የሚያጠምዱልሽ እዚህ ነው። የቴርሞካፕል ኬብል ሺልድ በተለምዶ ግራውንድ የሚደረገው በአንድ ጫፉ ነው። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረና የሁለቱ ቦታ ግራውንድ ቮልቴጅ ከተለያየ፣ በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይፈስሳል፤ ያ ራሱ ኖይዝ ያመጣል። "ሁልጊዜ በአንድ ጫፍ ነው?" ቢሉሽ አይደለም በይ። ከድራይቭ ወደ ሞተር የሚሄደው ኬብል ሺልድ በሁለቱም ጫፍ ነው የሚታሰረው።

በመጨረሻ "ጥያቄ አለሽ?" ይሉሻል። ደመወዙን ለጊዜው ተዪውና የሲግናልና የፓወር ኬብሎቻቸው በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ይሄዱ እንደሆነ ጠይቂያቸው።